የማይሞቀው ልብስ ማድረቂያ፦ የጥገና ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

ማሽኑ የአክስቴ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በሚገኘው ቤታቸው ምድር ቤት ከማጠቢያው አጠገብ የቆመ፣ የብናኝ ማጣሪያው ከላይ ተስቦ የሚወጣ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቆየ የልብስ ማድረቂያ ነው። ችግሩ በአጭሩ ይነገራል፦ ድራሙ ይዞራል፣ የሰዓት መቁጠሪያው ይሄዳል፣ ልብሱ ግን እንደ ገባ እርጥብ ሆኖ ይወጣል። አክስቴ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ዕድሜውን ጨርሷል፤ ለምን ጥለነው አዲስ አንገዛም?» አሉኝ። እኔ ግን ሞተሩ፣ ቺንጋውና ድራሙ ደኅና የሆነ ማድረቂያ የሚጣል ዕቃ ነው ብዬ ስለማላምን «ዛሬን ይታገሡኝ፤ ሳልለካው አልፈርድበትም» ብያቸው ሥራ ጀመርኩ።

ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት ሁለት ነገር አጣራሁ። የመጀመሪያው የመምረጫ ቁልፉ ነው፤ እነዚህ ማሽኖች ሙቀት ሳይኖር በአየር ብቻ የሚሠሩበት አማራጭ ስላላቸው ቁልፉ እዚያ ላይ ቆሞ ከተገኘ ነገሩ ያለ ጥገና ያልቃል። እዚህ ግን የቆመው ከፍተኛው ሙቀት ላይ ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ለአክስቴ የቀረበ ነው፦ ሙቀቱ በድንገት ነው የጠፋው ወይስ ቀስ በቀስ? መልሳቸው ጠቃሚ ሆኖ አገኘሁት። ሙቀቱ የጠፋው በአንድ ቀን ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት ለረጅም ጊዜ አንድ ዙር ልብስ ለማድረቅ ማሽኑን ሁለት ጊዜ ማስነሳት ያስፈልጋቸው እንደ ነበር ነገሩኝ። ይህን በማስታወሻዬ አናት ላይ ጻፍኩት፤ ምክንያቱም ከመጥፋቱ በፊት የዘገየ ማድረቂያና ሲሠራ ውሎ በድንገት የጠፋ ማድረቂያ ብዙውን ጊዜ የተለያየ ታሪክ አላቸው።

ቀጥሎ ኮረንቲው ነው። በኢትዮጵያ ቤቶች 220 ቮልት የሚገኘው ከአንድ ፌዝ (ኮረንቲ ከሚያመጣው ሽቦ) እና ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ ግን እያንዳንዳቸው ከኒውትራል ጋር 120 ቮልት የሚሰጡ ሁለት መስመሮች ወደ ቤት ይገባሉ፤ በሁለቱ መካከል ሲለካ ደግሞ 240 ቮልት ይገኛል። የማድረቂያው ሞተርና የሰዓት መቁጠሪያው የሚሠሩት በአንደኛው መስመር በ120 ቮልት ሲሆን፣ ሁለቱንም መስመር የሚፈልገው ማሞቂያው ሽቦ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩ የማይጠቀምበት መስመር ቢቋረጥ ድራሙ ምንም እንዳልሆነ ይዞራል፣ ሙቀት ግን ጨርሶ አይኖርም። ለማድረቂያው የተመደበው ባለ 30 አምፔር ብሬከርም (የኮረንቲ መቆጣጠሪያ ማብሪያ ማጥፊያ) ለሁለቱ መስመሮች የተጣመሩ ሁለት ማቋረጫዎች ስላሉት፣ ከውጭ ሲታይ የተነሣ ቢመስልም ውስጡ አንዱን መስመር ሊያቋርጥ ይችላል። በሚገባ ዘግቼ መልሼ ካነሣሁት በኋላ ሶኬቱን በመልቲሜትር ለካሁ፤ አንዱ መስመር ከኒውትራል ጋር 120፣ ሌላው 121፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ 241 ቮልት ሆነ። ሶኬቱ ነጻ ወጣ። ይህ መለኪያ ኮረንቲ ባለበት የሚደረግ ስለሆነ፣ መልቲሜትር ይዞ የማያውቅ ሰው በዚህ ቦታ ላይ ልምምድ እንዳይጀምር እመክራለሁ።

በነገራችን ላይ በትልልቅ የአፓርታማ ሕንፃዎች ውስጥ በሁለቱ መስመሮች መካከል የሚገኘው ብዙውን ጊዜ 208 ቮልት ነው። ለ240 የተሠራ ማሞቂያ በ208 ሲሠራ ኃይሉ ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ፣ «ማድረቂያዬ ሙቀቱ ደካማ ነው» የሚል የአፓርታማ ነዋሪ ማሽኑ ላይ ምንም ብልሽት ላይኖርበት ይችላል።

ቅዳሜ ከሰዓት

ስፒናውን ነቅዬ ማሽኑን ወደ ፊት ሳብኩት። ከጀርባው የእርጥብ አየር ማውጫው ቱቦ በማሽኑና በግድግዳው መካከል ተጨፍልቆ ተገኘ። ቱቦው ስስ የአሉሚኒየም ፎይል ያለበት፣ እንደ ልብ የሚጠማዘዝ ዓይነት ነው፤ በአንድ ቦታ ከመጨፍለቁ የተነሣ ሁለት ጣት እንኳ አያስገባም። ፎቶ አንሥቼው ለጊዜው ተውኩት። ወደ እርሱ መመለስ እንዳለብኝ ግን ከአክስቴ መልስ የተነሣ ከወዲሁ ገብቶኝ ነበር።

የኋላ ሽፋኑ በትንንሽ ባለ ስድስት ማዕዘን ብሎኖች የተያዘ ነው። ሲነሣ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ይታያል፤ በአንድ ወገን ማሞቂያው ሽቦ የተቀመጠበት ረጅም የቆርቆሮ ሳጥን፣ ከታች በኩል አየሩን የሚስበው ፋን ያለበት ቤት፣ ከላይ ደግሞ የኮረንቲው ገመድ ከማሽኑ ጋር የሚገናኝበት መያዣ። ከመያዣው ጀመርኩ፤ እዚያ ያለ ብሎን ሲላላ መጋጠሚያው እየጋለ ፕላስቲኩን ያቀልጥና አንዱን መስመር ያቋርጣል። የአክስቴ ግን ንጹሕና ጥብቅ ነው። ገመዱ ባለ ሦስት እግር መሆኑንም መዘገብኩ፤ ከ1996 ወዲህ የአገሩ የኤሌክትሪክ ደንብ ለአዲስ መስመር ባለ አራት እግር ቢጠይቅም፣ የድሮ ቤቶች በነበረው እንዲቀጥሉ ይፈቅዳል።

አሁን ወደ መለካቱ። አየሩ በማሽኑ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ያልተረዳ ሰው የክፍሎቹን ሥራ መለየት ስለሚቸግረው መንገዱን ላስቀድም። ፋኑ አየር የሚገፋ ሳይሆን የሚስብ ነው፤ የክፍሉ አየር በማሞቂያው ሳጥን ውስጥ አልፎ ይግላል፣ በድራሙ ጀርባ ገብቶ በልብሱ መካከል ያልፋል፣ በብናኝ ማጣሪያው በኩል ወርዶ ፋኑ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም በቱቦው ወደ ውጭ ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ አራት የሙቀት ጠባቂዎች አሉ። ሁለቱ ከፋኑ ቤት ላይ ናቸው፤ አንዱ አየሩ ወደ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ማሞቂያውን እያጠፋ ሲበርድ መልሶ የሚያበራው የዘወትር ቴርሞስታት ነው፤ ሌላው 91 ዲግሪ የተጻፈበትና አንድ ጊዜ ከተቃጠለ የማይመለስ ፊውዝ ነው። የቀሩት ሁለቱ ከማሞቂያው ሳጥን ላይ ተጠግተዋል፤ ዝቅ ብሎ ያለው በ121 ዲግሪ ከፍቶ ሲበርድ የሚዘጋ የከፍተኛ ሙቀት ቴርሞስታት ነው፤ ከፍ ብሎ ያለው ደግሞ 178 ዲግሪ ሲደርስ እስከ መጨረሻው የሚቆርጥ የሙቀት መቁረጫ ነው።

ከአራቱ አንዱን ሳልለካ ማለፍ እችል ነበር። በዚህ ዓይነት ማሽን የፋኑ ቤት ፊውዝ ያለው በሞተሩ መስመር ላይ ስለሆነ፣ እርሱ ቢቃጠል ድራሙ ራሱ አይዞርም ነበር፤ ድራሙ ስለሚዞር ፊውዙ ደኅና ነው ማለት ነው። በሌሎች ሞዴሎች ግን ይኸው ፊውዝ በማሞቂያው መስመር ላይ የሚገኝበት ጊዜ ስላለ፣ ከማሽኑ ጋር ተጣብቆ የሚመጣውን የመስመር ሥዕል አይቶ መወሰን ይገባል።

እያንዳንዱን ክፍል የለካሁት ከገመዶቹ አንዱን ነቅዬ ነው፤ ገመዱ ሳይነቀል ሲለካ ኮረንቲው በሌላ መንገድ ዞሮ የተበላሸውን ደኅና ሊያስመስለው ይችላል። ማሞቂያው ሽቦ 10.8 ኦም አነበበ። በ240 ቮልት ሲሰላ 5,300 ዋት ገደማና 22 አምፔር ይሆናል፤ ይህም ለባለ 30 አምፔር መስመር የሚስማማ ልክ ነው። የዘወትር ቴርሞስታቱ ዜሮ ኦም ነው፤ ማለትም መስመሩ አልተቋረጠም፤ ደኅና። የከፍተኛ ሙቀት ቴርሞስታቱም ዜሮ ኦም ነው፤ ደኅና። የሙቀት መቁረጫው ግን መስመሩ ጨርሶ የተቋረጠ መሆኑን አሳየ። ገመዶቹን ሁለቱንም ነቅዬ፣ ጫፎቹን አጽድቼ ደገምኩት፤ ያው ነው።

ሙቀት ያጠፋው ይህ ክፍል ነው። እዚህ ላይ «ተገኘ» ብሎ ሽፋኑን መመለስ የሚቸኩል ብዙ ነው፤ እኔ ግን የሙቀት መቁረጫ በእርጅና የሚሞት ክፍል ሆኖ አይታየኝም። የሚቆርጠው ሳጥኑ ውስጥ መኖር የማይገባው ሙቀት ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው ክፍል ተበላሸ?» ከሚለው ወደ «ሙቀቱ ለምን ተጠራቀመ?» ወደሚለው ተሸጋገረ።

ለዚህ ሦስት ምክንያት ይቀርባል። አንደኛው የአየር እጥረት ነው፤ መውጫው ሲታፈን ሽቦው መጋሉን ይቀጥላል፣ ሙቀቱን ይዞት የሚሄድ አየር ግን የለም። ሁለተኛው መክፈት ሲገባው የማይከፍት ቴርሞስታት ነው፤ በቀዝቃዛው ሲለካ ዜሮ ኦም ማንበቡ ሲግል እንደሚከፍት ማረጋገጫ አይሆንም። ሦስተኛውና ብዙዎች የሚዘነጉት፣ ሽቦው ከመደገፊያው ወርዶ የሳጥኑን ቆርቆሮ መንካቱ ነው። እንዲህ ሲሆን ኮረንቲው ከአንዱ መስመር ተነሥቶ በሽቦው ከፊል አልፎ በቆርቆሮው በኩል ይመለሳል፤ ቴርሞስታቱ ከመንገዱ ውጭ ስለሚቀርም፣ ቢከፍትም እንኳ ሞተሩ እስከ ዞረ ድረስ ሽቦው መጋሉን ሊቀጥል ይችላል። ይህን ለማጣራት የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በሽቦው እግር፣ ሌላውን በሳጥኑ ቆርቆሮ ላይ አድርጌ ለካሁ፤ ምንም ንክኪ የለም። ከዚያ ሳጥኑን አውጥቼ ሽቦውን በባትሪ ብርሃን ተመለከትኩት። ይህ ኒክሮም የሚባለው ጥቅልል ሽቦ ከእንጀራ ምጣድ ሽቦ ጋር አንድ ዘር ስለሆነ የደከመ ቦታው በዓይን ይለያል፦ የሳሳ፣ የተዘረጠጠ ወይም ቀለሙ ከሌላው የተለየ ይሆናል። የአክስቴ ማሽን ሽቦ እኩል ቆሟል።

ቅዳሜ ማታ

አንድ ወዳጄ ስልክ ደውሎ ነገሩን ሲሰማ «መቁረጫውን አውጥተህ ሁለቱን ገመድ ቀጥታ አገናኛቸው፤ የእኔ እንደዚያ ሆኖ ስንት ጊዜው!» አለኝ። በጨዋነት አመስግኜ አልተቀበልኩትም። ማሽኑ እንደሚሞቅ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ሌላው ጠባቂ ሁሉ ሲያቅተው የመጨረሻው አጥር ይህ ክፍል ነው፤ ሳጥኑም የሚገኘው ብናኝ ጥጥ በሚበንበት ካቢኔ ውስጥ ነው። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር ከ2008 እስከ 2010 ያለውን መረጃ መርምሮ ባወጣው ዘገባ፣ በመኖሪያ ቤቶች በልብስ ማድረቂያ ምክንያት በዓመት ወደ 2,900 የሚጠጋ ቃጠሎ እንደሚነሣ ገምቷል፤ ከምክንያቶቹ ሁሉ ቀዳሚው ማሽኑን አለማጽዳት ነው። አክስቴ የሚተኙት ከዚህ ማሽን በላይ ባለው ፎቅ ነው።

የሙቀት መቁረጫውና የከፍተኛ ሙቀት ቴርሞስታቱ በአንድ እሽግ አብረው ስለሚሸጡ በማሽኑ የሞዴል ቁጥር ፈልጌ አዘዝኩ። አብረው የሚሸጡትም መቁረጫው ከተቃጠለ ቴርሞስታቱ መጠርጠር ስላለበት ነው።

እሑድ ከሰዓት

ዕቃው እስኪደርስ ድረስ የአየሩን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ መረመርኩ። ከማሽኑ ጀርባ የተጨፈለቀውን ቱቦ ሳወልቀው በእጥፋቶቹ ውስጥ እርጥበት የያዘ ብናኝ ጥጥ እንደ ጭቃ ተለጥፎበታል። ከዚያ የሚቀጥለው ጠንካራ የቆርቆሮ ቱቦ በጣሪያው ሥር አግድም ሄዶ ግድግዳውን በስቶ ይወጣል። በባትሪ ሳየው የታችኛው ወገኑ በብናኝ ቢሸፈንም ከግማሽ በላይ ክፍት ነው፤ ይህ ብቻውን ማሽኑን አያቃጥለውም ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ዋናው ነገር የተገኘው እዚያ ነው። ከግድግዳው ውጭ ያለው መውጫ አየር ሲገፋው የሚከፈት፣ ሲቆም የሚዘጋ ክዳን አለው፤ ከክዳኑ ኋላ ግን ማን እንደ ሠራው የማይታወቅ፣ ወፍ እንዳይገባ የታሰበ የሽቦ ወንፊት ተገጥሟል። ወንፊቱ ከብናኝ ጥጡ ብዛት የተነሣ ወፍራም ጋቢ መስሏል። ለወጥ ቤት ጭስ ማውጫ ምናልባት ያገለግል ይሆናል፤ ለማድረቂያ ግን የመኖሪያ ቤቶች ግንባታ ደንቡ መውጫው ላይ ወንፊት መግጠምን በግልጽ ይከለክላል፤ ምክንያቱም ማጣሪያውን አምልጦ የሚመጣው ብናኝ ሁሉ እዚያ ስለሚያዝ ነው። በፒንሳ ነቅዬ አወጣሁት።

አክስቴ ብናኙን አይተው «ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልሱ በከፊል ከማድረቂያው አጠገብ ታጥፎ ተቀምጧል። በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጥጥ፣ በተለይ ጋቢ፣ ድርና ማጉ ልል ስለሆነ በታጠበና በተገላበጠ ቁጥር ብዙ ብናኝ ይጥላል፤ ክረምቱን ሙሉ የቤተሰቡ ጋቢና ነጠላ የደረቀው በዚህ ማሽን ነው። ጋቢ ሲገባ ማጣሪያው በዙሩ መካከልም እንዲጸዳ ተስማማን፤ በእኔ በኩል ጋቢን በመስቀያ ላይ አድርቆ ማሽኑን ለመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ማለስለሻ ብቻ ማድረግን እመርጣለሁ፤ ለጋቢውም ይሻለዋል።

የፎይሉን ቱቦ መልሶ መግጠም ትርጉም ስለሌለው 10 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው፣ ውስጡ ልሙጥ በሆነ ጠንካራ የቆርቆሮ ቱቦና ክርን (መታጠፊያ) ልተካው ወሰንኩ። ደንቡ የቱቦውን ርዝመት ከ35 ጫማ፣ ማለትም ከ10.7 ሜትር ገደማ እንዳያልፍ ሲወስን፣ ለእያንዳንዱ የ90 ዲግሪ መታጠፊያ ደግሞ 5 ጫማ ይቀንሳል። የእኛ ሁለት መታጠፊያ ስላለው 25 ጫማ ይፈቀድልናል፤ ያለው ከ17 ጫማ አይበልጥም። መጋጠሚያዎቹን ያሰርኩት በአሉሚኒየም ቴፕ ነው፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ የገባ ብሎን ብናኙን እየያዘ ሌላ ወንፊት ይሆናል። የአየሩ አካሄድ ከማሽኑ ወደ ውጭ ስለሆነ፣ የእያንዳንዱ ቱቦ ጠባብ ጫፍ ወደ መውጫው እንዲያመለክት ተጠንቅቄያለሁ። በግድግዳው ውስጥ ያለውን ክፍል በረጅም ዘንግ ላይ በታሰረ ብሩሽ ጠርጌ በቫኪዩም መጠጥኩት።

ረቡዕ ማታ

እሽጉ ደረሰ። ሁለቱም ክፍሎች በሁለት ብሎን የሚያዙና ገመዳቸው በመሰካት የሚገባ በመሆናቸው መግጠሙ ራሱ የሚወራለት ሥራ አይደለም። ከገመድ ጫፎቹ አንዱ ልል ሆኖ ስላገኘሁት በፒንሳ ጠበቅ አደረግሁት፤ 22 አምፔር በሚያልፍበት ቦታ ልል ጫፍ ከቆየ ይግልና ራሱን ያቃጥላል። የማሽኑን ወለልና የሳጥኑን ዙሪያ በቫኪዩም አጽድቼ ሽፋኑን መለስኩ።

አሮጌውን ቴርሞስታት ከመጣሌ በፊት ጥፋት እንዳለበትና እንደሌለበት ማወቅ ፈለግሁ። የፈላ ውኃ 100 ዲግሪ ላይ ስለሚቆም 121 ዲግሪ የሚከፍተውን ክፍል አይፈትነውም፤ ስለዚህ ቀለም በሚላጥበት የሙቅ አየር መንፊያ፣ ከመልቲሜትር ጋር አያይዤ አሞቅሁት። «ቀጭ» ብሎ ከፈተ፤ ሲበርድም መልሶ ዘጋ። ጠባቂው ሥራውን ይሠራ ነበር ማለት ነው። እንደ እኔ ግምት የሆነው እንዲህ ነው፦ አየሩ ሲታፈን ይህ ቴርሞስታት በየደቂቃው ሙቀቱን ያጠፋና ያበራ ነበር፤ አክስቴ አንዱን ልብስ በሁለት ዙር ያደርቁ የነበረውም ሽቦው የዙሩን እኩሌታ ያህል ጠፍቶ ስለሚያሳልፍ ነው። ወንፊቱ ጨርሶ ሲደፈን ደግሞ ኮረንቲ ከተቋረጠ በኋላም በጋለው ሽቦ ላይ የቀረውን ሙቀት የሚወስድ አየር ስላልነበረ፣ ሙቀቱ ወደ ላይ ወጥቶ መቁረጫውን በላው።

ሙከራው ባዶ ድራም ላይ ተደረገ። የሥጋ መለኪያ ቴርሞሜትር ከውጭው መውጫ ላይ አስገብቼ ሳነብ፣ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ አልፎ ጥቂት ወጣና ማሞቂያው ጠፋ፤ ወደ 50ዎቹ ሲወርድ መልሶ በራ፤ በዚሁ ልክ መመላለሱን ቀጠለ። ሙቀቱ ሲወጣ የሚያጠፋው የፋኑ ቤት የዘወትር ቴርሞስታት ነው፤ የከፍተኛ ሙቀቱ ቴርሞስታት በጤናማ ማሽን ውስጥ ያለ ሥራ መቀመጥ አለበት። የውጭው ክዳንም እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ይቆማል።

ቅዳሜ

እርጥብ ፎጣዎች ሙሉ ጭነት በአንድ ዙር፣ ሰዓት ሳይሞላ ደረቁ። አክስቴ በሩን ከፍተው እጃቸውን ካስገቡ በኋላ «እንዲህ ነበር እንዴ ድሮ?» አሉ።

ሁለት ነገር ቀርቷል። የብናኝ ማጣሪያውን ከቧንቧ ሥር ይዤ ውኃ ሳፈስበት ውኃው በወንፊቱ ላይ ኩሬ ሠርቶ ቆመ፤ ከልብሱ ጋር የሚጨመሩት የማለስለሻ ወረቀቶች የሚተዉት ስስ ቅባት ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን ነው። በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ታጥቦ ውኃው ያለ ችግር ማለፍ ጀመረ፤ ይህ በየጊዜው ይደገማል። ሌላው ማሽኑ ሲነሣ የሚሰማው ቀጭን ጩኸት ነው። ከሙቀቱ ጋር አይገናኝም፤ ቺንጋውን የሚወጥረው ትንሽ ጎማ መድረቁን ያመለክታል። እርሱን ለመቀየር ማሽኑ ከፊት በኩል መከፈት ስላለበት ክፍሉን አዝዣለሁ፤ በዚያው የድራሙን የፊት ማሸጊያ ጨርቅ ሁኔታም አያለሁ፤ እርሱ ከተበላ አየሩ በማሞቂያው በኩል ከመሳብ ይልቅ በበሩ ዙሪያ ይገባልና።